በሹክሹክታ የተጣሉ ዕለት

ለተሥላሴ ልጇ ማጅራቷን ስታሻሽ ያየቻት ባጃጁ የሕፃናት ማዕከሉ በር ላይ ሲቆም ነው። ፈጥና ጣቷን ወደ ቀሚሱ አንገት ሰደደች። ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ማርካ ትናንት በስስ የጥጥ ጨርቅ ሸፍናት ነበር። የጨርቁ ክር በአንድ ጎን ተፈትቶ ማርካዋ ጠርዟን አውጥታለች። በብልጭልጭ ክር ስም የተጻፈባት፣ ደረቅ ያለች ማርካ ናት። ሌላ ልጅ ቀሚሱን ብትለብስ መኖሯንም አታውቅም። ለኤቢ ግን አንገት ላይ የተተከለች እሾህ ናት።

መቀስ አልያዘችም። ልብስ ሰፊ ሆና ያለ መቀስ ከቤት የወጣችው ዛሬ ነው፤ ዛሬ የያዘችው የክት ቦርሳዋን ነዋ!

«ኤቢዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ አሁን እንገባለን» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ልጅቷ አልመለሰችም። ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰበሰበች። ለተሥላሴ ከነቃች ጀምሮ ክፉ ነገር ሲመጣባት ይታያት ነበር፤ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን ያወቀችው አሁን ነው።

ኤቢ ሰባት ዓመቷ ነው። የእናቷ ጡት ላይ ሳለች፣ ያ ጅጅጋ የተረበሸበት ክረምት፣ ጎረቤታቸው ዐናብ ሁለቱንም ቤቷ ደብቃ ስታሳድራቸው፣ ሕፃኗ የብርጭቆ ኳኳታ በሰማች ቁጥር ትንፋሿ እስኪቆረጥ ታለቅስ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው ከድንጋጤው ነው አለ። ድንጋጤው አለፈ፤ የኤቢ ለቅሶ ግን አላለፈም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ረጅሙ ነጭ መብራት፣ ሽቶ፣ አዲስ ልብስ፣ ሁሉም ያማታል። ሐረር ያየቻት ሐኪም «እኔና አንቺ ጋ ቀስ ብሎ የሚደርሰው ድምፅና ብርሃን እሷ ጋ ሲደርስ እየጮኸ ነው» ብላ አስረዳቻት። አባቷ ተሻለ ግን አልገባውም፤ ወይ ገብቶት ከበደው። «እዚህ ቤት ውስጥ ሰው መኖር አይችልም» ብሎ ድሬዳዋ ወረደና በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለተሥላሴ ደግ ነገር ሲገጥማት መጀመሪያ የምታስበው እንዴት እንደሚያልቅ ነው።

ባስልዮስ የመጣው ለመጋረጃ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ። ሸደር የስደተኞች ጣቢያ ለልጆች መጫወቻ ቤት ሲሠራ ቆይቶ፣ ጅጅጋ ያለው ይህ ማዕከል እንደ ኤቢ ላሉ ልጆች ጸጥ ያለ ክፍል እንዲሠራለት ጠራው። መጋረጃ ሊያሰፋ ሱቋ ሲገባ ኤቢ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጣ ነበር። ሱቁ የገባ ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ይላል። ባስልዮስ ተንበርክኮ አያትና ወደ እናቷ ዞሮ «እዚህ ሥር ምኑ ነው የተመቻት?» አለ። ለተሥላሴ ልትመልስ ስትል እንባዋ ቀደማት፤ ይህንን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መጋረጃው ሰበብ ሆነ። ዛሬ የጨርቅ ቁራጭ ይዞ ይመጣል፣ ነገ የምንጣፍ፣ ከነገ ወዲያ ስፖንጅ። ኤቢ በጉንጭዋ እየዳሰሰች ትመርጣለች፤ ያልወደደችውን ወደ ደጅ ትወረውራለች። እሱ ከደጅ እየለቀመ ይስቃል። አንድ ቀን ሳቁ የለተሥላሴ ደረት ውስጥ ገባና አልወጣ አላት።

አሁን ሥራው አልቋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዲህ አላት፦ «አዲስ አበባ ሥራ ይጠብቀኛል። እንሂድ ካልሽ ሦስታችንም እንሄዳለን። አልሄድም ካልሽ እኔ እቀራለሁ። አንቺ ብቻ ‹እሺ› በዪኝ። እስከ ክፍሉ ምርቃት ቀን እጠብቃለሁ።»

ዛሬ ምርቃቱ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሮዛም የልጃቸውን ሥራና የልጃቸውን ምርጫ ሊያዩ ትናንት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተዋል። ቀሚሱን እንደ ደረሱ ከሆቴል ለኤቢ የላኩት እሳቸው ናቸው።

*

«አባዮ! ዛሬማ ሙሽራ መስለሻል!» አለች ዐናብ በሩ ላይ እየተቀበለቻቸው። የማዕከሉ መምህርት ናት፤ «እህቴ» ማለት ስትፈልግ ሶማሊኛው «አባዮ» ይቀናታል።

«ኧረ ቀስ! ሰው ይሰማሻል።»

«ዋላሂ፣ ይስማኝ! ባስልዮስ ከልክሎኝ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሌባ ሳንሾካሽክ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

እውነቷን ነው። ባስልዮስ ለዚህ ቀን ያላሰበው ነገር አልነበረም። ድምፅ ማጉያ የለም። እልልታ የለም። ጭብጨባም የለም፤ እንግዳው ደስ ሲለው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንዲያውለበልብ ዐናብ በአማርኛም በሶማሊኛም አስረድታለች። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ እጃቸውን እያውለበለቡ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ምርቃት ነው ወይስ አውቶቡስ እየሸኘን ነው?» ሲሏት እንግዳው ሳቁን አፉ ውስጥ አፈነ።

ክፍሉ ግቢው መጨረሻ ላይ፣ ለጅጅጋ ነፋስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒሱ በስፖንጅ ተጠቅጥቋል። ግድግዳው የማያብለጨልጭ የሸክላ ቀለም ነው። ውስጡ ልጅ የሚሸጎጥበት ጠባብ ጎሬ አለ፤ ልኩን የወሰደው ከዚያ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ነው። በሮቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወደ ግቢው፣ አንዱ ወደ ጓሮው። «የተጨነቀ ልጅ ሌላም መውጫ እንዳለው ሲያውቅ ይረጋጋል» ይላል ባስልዮስ።

ሁሉ ነገር ልክ ነበር። ቀሚሱ ብቻ ሲቀር።

«መጣችሁልኝ!» አሉ ወይዘሮ ሮዛ ቀርበው። ሽበታቸው የተስተካከለ፣ መነጽራቸው በወርቃማ ሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ፊታቸው ደግ። ለተሥላሴን ይበልጥ ያስፈራት ደግነታቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር። «ልክ ሆኗታል! በግምት ብቻ እኮ ነው የገዛሁት። ነይ እስኪ፣ ሳሚኝ የኔ ቆንጆ።»

ኤቢ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ገባች።

«ሰው ትፈራለች?»

«አይ… ትንሽ… አዎ» አለች ለተሥላሴ፣ እጇን ከልጅቷ አንገት ሥር ሳታነሣ። ማርካዋን በጣቷ ይዛ እስከ መጨረሻው ልትቆም ነው ያሰበችው።

በእንግዶቹ ራስ ላይ አሻግሮ ባስልዮስ አያት። ከዓይኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚነበበው። ለተሥላሴ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች። እሺ ልትለው ፈልጋ ነበር። ግን ጣቷ ሥር የልጇ አንገት እንደ እሳት ይግል ነበር።

ዐናብ «መጀመሪያ የምትገባው ኤቢ ናት!» አለችና እጇን ዘረጋችላት። ለተሥላሴ ጣቷን አነሣች።

ጩኸቱ ማንም ከጠበቀው በላይ ነበር። ኤቢ በሁለት እጇ የቀሚሱን አንገት ይዛ ጎተተች፤ ቁልፎቹ ጠጠሩ ላይ ተበተኑ። ወይዘሮ ሮዛ ልባቸው አልችል ብሎ «ኧረ ልጄን! ምን ነካብኝ!» እያሉ አቀፏት። ሽቶአቸው፣ የወርቅ ሰንሰለታቸው፣ የእጃቸው ሙቀት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልጅቷ ላይ ወረደ። ኤቢ ተወራጨች። መነጽሩ ወደቀ፤ የአንድ ሰው ጫማ አገኘው።

ከዚያ ቀሚሱን አውልቃ በካናቴራዋ ሮጠች። ጎሬው ውስጥ ገባች።

ግቢው ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ጸጥታ የወረደበት። ወይዘሮ ሮዛ ያለ መነጽር ዓይናቸውን አጥብበው ለተሥላሴን አዩዋት። ምን እንዳሰቡ ፊታቸው አልተናገረም። ለተሥላሴ ግን መናገሩን አልጠበቀችም። ይህን ፊት ገና ሳታያቸው ታውቀው ነበር። ቀሚሱን ከመሬት አንሥታ ልጇን ተከትላ ስትገባ፣ ያፈረችው በልጇ አልነበረም፤ ትንሽም ቢሆን ተስፋ አድርጋ በነበረችው በራሷ ነው።

*

ክፍሉ ውስጥ የውጭው ነፋስ እንደ ሩቅ ባሕር ነበር። መብራቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ቢጫ። ኤቢ አሸዋ በትንንሽ ኪስ የተሰፋበትን ከባድ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ስባለች። ይህን ብርድ ልብስ የሰፋችው ለተሥላሴ ናት። ልጅቷ ሳጓ እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄዶ ወደ ትንሽ ማንጎራጎር ተለወጠ። ቤት ውስጥ እንዲህ ስትሆን ለመረጋጋት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። እዚህ የሻይ ውኃ እስኪፈላ ያህል እንኳ አልፈጀባትም።

ባስልዮስ በጓሮው በር በካልሲው ገባ። ቁልቁል አይቷት፣ ኤቢንም አይቶ፣ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ቀሚሱን ከጭኗ ላይ አንሥቶ ገለበጠው። በግማሽ የተፈታችው የጥጥ ጨርቅ ተንጠልጥላለች።

«ለምን አልቆረጥሻትም?» አለ በሹክሹክታ።

«ረሳሁት።»

«አትዋሺኝ። አንቺ የእኔን ሸሚዞች ማርካ ሳይቀር ለቅመሽ የቆረጥሽ ሴት ነሽ። ‹ትከሻህ ላይ ጋደም ስትል ጉንጭዋን እንዳይቧጭራት› ብለሽ። አንድ ሸሚዝ እንኳ አላስተረፍሽልኝም።»

የኤቢን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ኤቢ ታንጎራጉራለች።

«ለቴ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ የምጮህበት ቦታ ግን አጣሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ መጮህ የማይቻለው በእኔው ጥፋት ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ልመልሰው ብዬ ነው» አለች።

«ምኑን?»

«ቀሚሱን። ለእናትህ። ማርካው ከተቆረጠ ልብስ ተለብሷል ማለት ነው፤ ማንም አይቀበለውም። ነገሩ ሲፈርስ የሰው ዕቃ እጄ ላይ እንዳይቀር… ንጹሑን ልመልስላቸው ብዬ።»

ባስልዮስ ለረጅም ጊዜ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ወርዶ በቦታው የመጣው ነገር ከቁጣ ይብስ ነበር።

«መቼ ነው የሚፈርሰው?» አለ። «ቀኑን ቆርጠሽለታል? እኔም ልወቀው እንጂ።»

«አትቀልድብኝ።»

«አልቀለድኩም። እናቴ ጅጅጋ እንደ ደረሰች፣ ገና ፊቷን ሳታዪ፣ አንቺ ዕቃ እያሰናዳሽ ነበር። ልታገቢኝ ሳይሆን ልትመልሺኝ ነው የተዘጋጀሽው።»

«አየሃቸው አይደል?» ሹክሹክታዋ ተሰነጠቀ። «ደጅ ላይ አየሃቸው አይደል እንዴት እንዳዩኝ? ነገ አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣባቸው ልጄን ‹ወደ ጓዳ ውሰጃት› ይሉኛል። አንተ መጀመሪያ ትቆጣላቸዋለህ። ከዚያ ይደክምሃል።»

«እቀራለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ትቀርና አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ልጅቷ ስትጮህ ትሰማለህ። በሩ ላይ ትንሽ ቆም ትላለህ። ትንሽ ብቻ። እኔ ግን አየዋለሁ። ተሻለም የጀመረው በሩ ላይ ቆም በማለት ነበር።»

«እኔ ተሻለ አይደለሁም።»

«እሱም ሲመጣ ተሻለ አልነበረም።»

ይህን ካለች በኋላ ራሷም ደነገጠች። ባስልዮስ አንገቱን ደፋ። ለእንባው ይሁን ለንዴቱ አልታወቀም፣ ጥርሱን ነክሶ ቀሚሱን በጥንቃቄ አጠፈ። አንገቱን ከላይ አድርጎ፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ሱቅ ውስጥ እንደሚያጥፉት።

«ለልጅሽ መግቢያም መውጫም ያለው ቤት ሠራሁላት» አለ፣ ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም። «አንቺ ለእኔ መውጫውን ብቻ ነው የሠራሽልኝ፣ ለቴ። ስንት ወር ሙሉ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሸኘሽኝ ነበር።»

ያጠፈውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አኖረላት።

የዚያን ክፍል በር ሲዘጋ እንዳይጮህ ጎማ ያለበሰው ራሱ ባስልዮስ ነው። ስለዚህ ለተሥላሴ መውጣቱን አልሰማችም። ይቅርታ ልትለው ቀና ስትል አልነበረም።

*

«አባረርሽው?» አሏት እናቷ ወይዘሮ ወለተሐና።

አመሻሽ ሆኗል፤ የሱቁ በር ተዘግቶ ክፍሉ ወደ ቤታቸው ሳሎንነቱ ተመልሷል። ነፋሱ ከካራማራ በኩል ተነሥቶ መንገዱን አቧራ በአቧራ አድርጎታል። ኤቢ ከስፌት መኪናው ሥር ተኝታለች። ለተሥላሴ መኪናው ላይ ተደፍታለች፤ መርፌው ላይ ክር የለም።

«አላባረርኩትም። ራሱ ነው የሄደው።»

«የማባረር ዓይነቱ ብዙ ነው» አሉ አሮጊቷ። አባታቸው ወታደር ሆነው ወደዚህ ከተማ መጥተው እዚሁ የተቀበሩ ናቸው፤ ሲናገሩም የወታደር ልጅነታቸው አይለቃቸውም። «አንቺ ከልጅነትሽም እንዲህ ነሽ። ዳቦ ሲሰጡሽ ‹ነገስ?› ትያለሽ። ነገ ሲመጣ የዛሬው ሻግቶ ይገኛል።»

«እማዬ፣ አሁን አትጨቅጭቂኝ።»

«ማን አለ ሌላ የምጨቀጭቀው?»

የግቢው በር ተንኳኳ። መንኳኳት እንኳ አይባልም፤ በጣት ጫፍ እንደ መዳሰስ ያለ ነው። ለተሥላሴ ስትከፍት ወይዘሮ ሮዛ ብቻቸውን ቆመዋል። የመነጽራቸው አንዱ ክንፍ በፕላስተር ታስሯል። ሰንሰለቱ የለም። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል፤ ቅንድባቸው ላይ አቧራ ሰፍሯል።

የምትፈራው ነገር በእግሩ መጣ። እሷም የታጠፈውን ቀሚስ ከመደርደሪያው ላይ አንሥታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ የሚሉትን ከማለታቸው በፊት ልታቀልላቸው።

ወይዘሮ ሮዛ አልተቀበሏትም። «መጀመሪያ ልግባ?» አሉ። «ሽቶዬን ታጥቤዋለሁ። ያቺ ዐናብ የምትባል መምህርት ነግራኝ። ቀስ ብዬ እንዳንኳኳም እሷ ነች የነገረችኝ።»

ገብተው ሳሎኑ ውስጥ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከጠረጴዛው ሥር የምትታየውን ትንሽ እግር አይተው ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ። የመጣሁት ባስልዮስን ይዤ ልመለስ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ! ሁሉን ታውቃለች ብሎኛል፤ ገና ያልሆነውንም ሳይቀር።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ልጅቷ ታስፈራኛለች። አልዋሽሽም። እንዴት እንደምይዛት አላውቅም። ዛሬ ልረዳት ብዬ አባስኩባት።»

ለተሥላሴ እንዲህ ያለውን ንግግር አልጠበቀችም። «አይያዟት» አለች። «ወለሉ ላይ አጠገቧ ይቀመጡና ዝም ይበሉ። ሲሻት ራሷ ትመጣለች።»

«ወለሉ ላይ? በዚህ ጉልበቴ?»

«ትራስ አለ» አሉ ወይዘሮ ወለተሐና ከጥግ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ወይዘሮ ሮዛ ሳቅ አሉና ቀሚሱን ከለተሥላሴ እጅ ወሰዱት። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳበሱት። «ሣጥኑን አልጣልኩትም» አሉ ቀስ ብለው።

«የቱን ሣጥን?»

«የቀሚሱን። ከነስስ ወረቀቱ ሆቴል አልጋዬ ሥር አለ። ነገሩ ካልሆነ መልሼ አሽጌ ለእህቴ ልጅ እሰጠዋለሁ ብዬ። ባስልዮስ ስለ ማርካዋ እያለቀሰ ሲነግረኝ ምን ልበለው? የእኔን ሣጥን አሳየሁት። እኔና አንቺ ገና ሳንተያይ ተስማምተን ነበር፣ ልጄ። ያልተስማማው እሱ ብቻ ነው።»

ለተሥላሴ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቁ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ፤ ከሳቁ ጋር እንባው። ወይዘሮ ሮዛም በፕላስተር የታሰረ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለት ሴቶች የተኛች ልጅ እንዳይቀሰቅሱ አፋቸውን ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ለተሥላሴ ስትፈራው የኖረችው ፊት ይህ መሆኑን ማመን አቃታት።

«አለቀሰ?» አለች ኋላ።

«እንደ ሕፃን። አሁን ደጅ ነው።»

«የት ደጅ?»

«እዚሁ ያንቺ ደጅ፣ ከአጥሩ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። እንግባ ብለው ‹የቤቱ ባለቤት ካልጠራችኝ አልገባም› አለኝ። ግትር ነው፤ በአባቱ ወጥቶ። እዚሁ ሶማሌ ክልል፣ ደምበል ወረዳ፣ ሌላ እንዲህ ያለ ክፍል ሥራ ተብሎ እሺ ብሏል። ደምበል የት እንደሆነ እኔ በካርታ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። እሺ ብትይውም ባትይውም አይመለስም። እኔ ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ለተሥላሴ ተነሣች። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች። እስካሁን ሁልጊዜ አንድ ሰበብ ነበራት፤ እናቱ አይወዱኝም፣ አዲስ አበባ ልጄን ያሳምማታል፣ ሥራው ይጠራዋል። አሁን በእጇ የቀረ ሰበብ ቢኖር ፍርሃቷ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የራሷ ነው፤ ማንም ላይ ሊለጠፍ አይችልም።

እናቷ ነጠላዋን አቀበሏት። እንደገና ተነሣች።

ባስልዮስ በእርግጥም ድንጋዩ ላይ ነበር። ፀጉሩ፣ ሽፋሽፍቱ፣ ጫማው፣ ሁሉም የአቧራ ቀለም ይዟል። በሩ ሲከፈት ቀና አለ እንጂ አልተነሣም።

«ሽማግሌ መስለሃል» አለችው።

«ስጠብቅ አረጀሁ።»

ነፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈው። ልትሰበስበው እጇን አላነሣችም፤ እጇን ካነሣች የጀመረችው ነገር የሚበተንባት መሰላት። «የምልህን እንዳታቋርጠኝ። ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም።»

«እሺ።»

«እፈራለሁ። ዛሬም እፈራለሁ፣ ነገም እፈራለሁ። ስትስቅ እፈራለሁ። ስታረፍድ መኪና ገጭቶህ ይታየኛል። ኤቢ አንተን ስትወድህ ሳይ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ እፈራለሁ፤ እኔ መተው ለምጃለሁ፣ እሷ ግን ሁለተኛ ብትተው አትችለውም። ይህ ይለቀኛል ብዬ ቃል አልገባልህም።»

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም አልኩህ።» ትንፋሿን ሳበች። «በሩ ላይ ቆም ብትል… ቆም በል። ሰው ይደክመዋል። ብቻ ቆም ብለህ ግባ። እኔ ደግሞ ቆም ስትል አይቼ በሩን አልዘጋብህም። ይኸው ነው። ና ግባ።»

ባስልዮስ ከድንጋዩ ተነሣ። አቧራው ከላዩ ረገፈ። «ለእራት ነው ወይስ ለዕድሜዬ?»

«እራቱ ነጭ ፓስታ ነው። ወጥ የለውም፤ ኤቢ ሽታውን አትችለውም። እሱን ከበላህ ዕድሜህንም ትችለዋለህ።»

«ይህ እሺ ነው?»

«እሺ ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ትንሽ ነበር፤ ነፋሱ ሊወስደው የሚችል። ባስልዮስ ግን ሰምቶታል። ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር ዓይኑ ሥር በአቧራው ላይ ሁለት ቀጭን መስመር ወርዶ ነበር።

*

እራቱን በሉ። ወይዘሮ ሮዛ ወጥ የሌለውን ፓስታ «ጣፋጭ ነው» እያሉ በሹካ ከወዲያ ወዲህ ሲያንከባልሉት ባስልዮስ ሳቁን በውኃ ዋጠ። መሃል ላይ ኤቢ ነቃች። እንግዶቹን ከጠረጴዛው ሥር ሆና አየቻቸው። ወይዘሮ ሮዛ አንዴ ጉልበታቸውን፣ አንዴ ወለሉን አይተው፣ ከዚያ «ትራሱን ወዲህ በሉ» አሉ። እያቃሰቱ ወረዱ። እጃቸውን ሰብስበው፣ ወደ ልጅቷ ሳያዩ፣ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታ በፕላስተር የታሰረውን መነጽር ነካች። ወይዘሮ ሮዛ አልተንቀሳቀሱም።

ውጭ ነፋሱ በረታ። ባስልዮስ ባጃጅ ሊፈልግ ተነሣ።

«በዚህ አቧራ ማን አለና?» አሉ ወይዘሮ ወለተሐና። «ሮዛ ከእኔ ጋር አልጋው ላይ። ለቴና ልጅቷ ጓዳ። አንተ ሳሎን፣ ፍራሹ ላይ። እኔ ደግሞ እንቅልፌ ቀላል ነው፤ ማንም ከቦታው ቢነቃነቅ እሰማለሁ።»

«እማዬ!» አለች ለተሥላሴ፣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቶ።

«ምን አልኩ? ስለ ነፋሱ ነው ያወራሁት!»

አሮጊቷ ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ። የግቢውን በር ገፍተው የብረት መወርወሪያውን ሲገፉት ብረቱ ክፉኛ ሲጢጥ አለ። ኤቢ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። ለተሥላሴ ከልማዷ ደንግጣ ወደ ባስልዮስ አየች። እሱ ፍራሹን እያነጠፈ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ነገ ዘይት እቀባዋለሁ» አለ።

ለተሥላሴ ዘይቱን አልሰማችም። የሰማችው «ነገ» ያለውን ነው። ስንት ዓመት የፈራችውን ያን ቃል እሱ ትራስ እየደበደበ፣ እንደ ቀላል ነገር ተናገረው። የልጇን እጆች ከጆሮዋ ላይ አውርዳ በመዳፏ ውስጥ አሞቀቻቸው። ደጅ ላይ እናቷ ቁልፉን አንዴ አዞሩ፣ እንደገና አዞሩ፣ በሩም ተቆለፈ።